አክስቴ ቤት የተከልነው ምድጃ

አዳማ ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት፣ በጠራራ ፀሐይ እሳት አንድዶ ፊት ለፊቱ የሚቀመጠው ሰውዬ ምን ነክቶት ነው ብለው ጎረቤቶቻችን ብዙ ጊዜ ጠይቀውኛል። ሰውዬው ባሌ ነው። የብረታ ብረት ወርክሾፕ አለው። ድሮ በርና መስኮት ነበር የሚሠራው፤ አልፎ አልፎም የዳቦ ቤት ምድጃ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በላንጋኖ ዙሪያና ከአርሲ ነገሌ በላይ ባለው ደጋ ሎጆችና የእንግዳ ማረፊያዎች ሲበዙ ግን ሳሎን ውስጥ የሚተከል የእሳት ምድጃ የሚያዝዘው ሰው በረከተ። ደንበኞቹ «ፋየር ፕሌስ» ይሉታል፤ እሱ ምድጃ ብቻ ነው የሚለው።

ሳይፈትን የሚያስረክበው ምድጃ የለም። ወርክሾፑ ጓሮ፣ ኒም ዛፏ ሥር፣ ከቺፑድ የተሠራ የቤት ጥግ አቁሟል፤ ሁለት ግድግዳና ከላይ ቁራጭ ኮርኒስ። ሙቀት በደንብ እንዲጠጣ ጥቁር ቀለም ቀብቶታል። ቺፑዱ ላይ እዚህም እዚያም ቀጫጭን የሙቀት መለኪያ ሽቦዎች ተሰክተዋል። አዲሱን ምድጃ እዚያ ጥግ ውስጥ ያቆመውና ጤነኛ ሰው ቤቱ ውስጥ ከሚያነደው በላይ እንጨት ይጨምርበታል። ለምን እንዲህ ታበዛለህ ስለው፣ አንድ ቀን እንግዳ የበዛበት ወይም ልቡ የተሰበረ ሰው እንዲህ ማንደዱ አይቀርም ይለኛል። የመለኪያው ቁጥር መውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ያነዳል። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ከሰዓት በኋላ ክፍል ከሌለኝ ጥላው ሥር ተቀምጬ ቁጥሩን አነብለታለሁ።

ምድጃው ሳጥን ውስጥ ያለ ሳጥን ነው። እሳቱ የሚነደው በውስጠኛው ወፍራም ብረት ውስጥ ነው፤ ውጪ ያለው ላሜራ እሳቱን አይነካውም። በሁለቱ መካከል ክፍት ቦታ አለ። ከታች በኩል ቀዝቃዛ አየር ይገባል፣ የጋለውን ብረት እየላሰ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይቀላል፣ ከላይ ባለው ፍርግርግ ወጥቶ ቤቱን ያሞቃል። እሱ ሲወጣ ሌላ ቀዝቃዛ አየር ከታች ይተካል። ውጪ ያለው ላሜራ እጅ ቢያርፍበት የማያቃጥለው ለዚህ ነው። የጭስ መውጫው ቧንቧም እንዲሁ ድርብ ነው። ትንሽ ቬንትሌተርም ይገጥምለታል፤ ብረቱ ሲሞቅ በራሷ ተነስታ አየሩን ትገፋለች። ሲፈትን ግን መጀመሪያ የሚያጠፋት እሷን ነው። መብራት በሚጠፋበት አገር ሰውን በቬንትሌተር አምኖ ማስተኛት አይቻልም ይላል።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ አክስቴ ለመናገር ብዬ ነው።

እናቴ የሞተችው ገና ፊደል ሳልቆጥር ነው። ያሳደገችኝ እህቷ ናት። ነርስ ነበረች፤ ዕድሜዋን ሙሉ በሻሸመኔ አካባቢ ሆስፒታል ውስጥ ሠርታ ጡረታ ወጣች። ልጅ አልወለደችም። ባሏ ካረፈ ወዲህ እዚያው አጠገብ ኩየራ ላይ አብረው በሠሩት የጭቃ ቤት ብቻዋን ትኖራለች። ቀጭን ናት፤ ስትናገር ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ ስትራመድም አትሰማም። የሌሊት ተረኝነት ያስተማራት እንደሆነ እገምታለሁ።

አክስቴ የሸዋ ሰው ናት፤ ጾም የማትገድፍ። ባሌ የአርሲ ነገሌ ልጅ ነው፤ ቤተሰቦቹ ፕሮቴስታንት ናቸው። ላገባው ነው ስላት አልተቃወመችም። ሠርጋችን ላይ ነጭ ለብሳ መጣች፣ መረቀችን፣ የሚገባውን ሁሉ አደረገች። ግን ባሌን «እርስዎ» ትለዋለች። ለእናትነት የምትበቃ ሴት የልጇን ባል አንቱ ስትል ሰው ፊት ክብር ይመስላል። ይቀመጡ፣ ይጠጡ፣ መንገዱ እንዴት ነበር፤ ሁሉም ነገር በቦታው ነው፤ የሚጎድል ቃል የለም። እኔ ግን እሷው እጅ ላይ ነው ያደግሁትና፣ አክስቴ የምትወደውን ሰው እንዴት እንደምትጠራ አውቃለሁ። የምትወደውን ትቆጣለች። ባሌን በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ ቀን ተቆጥታው አታውቅም። አንድ ጊዜ ለምን እርስዎ እንደምትለው ስጠይቃት፣ «ትልቅ ሰው አይደሉ እንዴ» አለችኝና ወሬውን ወደ ጓሮዋ ጎመን አዞረችው። እሱም ነገሩን ያውቀው ነበር። አልከፋውም አይባልም፤ ግን አንድም ቀን አላነሳብኝም።

ክረምት ላይ ኩየራ ይበርዳል። ዝናቡ ሲከርር የአክስቴ ጣቶች ያብጣሉ፤ ቁርጥማት አለባት፤ ሲብስባት ቁልፍ መቆለፍ ያቅታታል። አንድ ሐምሌ ጠዋት ጎረቤቷ ደወለችልኝ። በር ስታንኳኳ መልስ አጥታ ስትገባ አክስቴን ከመኝታ ቤቱ ደጃፍ ወድቃ አገኘቻት። መሬት ላይ የከሰል ማንደጃ ነበር። ንፋስ እንዳይገባ የመስኮቱን ቀዳዳ በሙሉ በጨርቅ ወትፋዋለች። ጎረቤቷ ጎትታ አወጣቻት፣ ባጃጅ ጠርታ ሐኪም ቤት አደረሰቻት።

ከአዳማ እስከዚያ ያለው መንገድ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ስንደርስ ኦክስጅን ተደርጎላት፣ ነቅታ፣ ከንፈሯ ወደ መልኩ ተመልሶ አገኘናት። ማልቀስ ጀመርኩ። እሷ ግን ያፈረች ትመስል ነበር። በከሰል ጭስ የታፈነ ስንት ሰው በእጇ ተቀብላለች፤ ስንቱን ቤተሰብ መስኮት ክፈቱ እያለች መክራለች። «እጄን ለማሞቅ ብዬ ነው» አለችኝ ቀስ ብላ፤ «ለጥቂት ጊዜ ብዬ።» ባሌ አልጋው ግርጌ ቆሞ ነበር። «እርስዎንም ከሥራዎ አስፈታሁዎት» አለችው።

አዳማ ወስደን አሳረፍናት። ሙቀቱ ለእጇ ተስማማት፤ ለሌላው ነገር ግን አልተስማማትም። አቧራው ያስነጥሳታል፣ ጎረቤት የለመደችው አይደለም፣ ጓሮዋ ይናፍቃታል። ባሌ ቅዳሜ ቅዳሜ ሶደሬ ይወስደን ነበር። ፍል ውሃው ዳር ተቀምጣ እጆቿን እስከ ክርን ትነክራለች፤ እሱ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ፎጣ ይዞ፣ ጦጣዎቹን ከቦርሳዋ ይከላከላል። አንድ ቅዳሜ ጣቶቿን አጥፋ ስትዘረጋቸው አየሁና ደስ አለኝ። እሱም አይቷል መሰለኝ፣ በመኪናው ውስጥ ስንመለስ እንደ ዋዛ አድርጎ፣ እማማ ከፈቀዱ ኩየራ ቤትዎ ምድጃ ልተክልልዎት እችላለሁ አላት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችው። «እሳት ቤቴ አላስገባም።»

እሱ አልተከራከረም። እኔ ግን ቤት ገብተን ብቻችንን ስንሆን ጠየቅኋት። ያኔ ነው ከልጅነቴ ጀምሮ ነግራኝ የማታውቀውን የነገረችኝ። ከሥራ ዘመኗ አብዛኛውን ያሳለፈችው የተቃጠሉ ሰዎች በሚተኙበት ክፍል ነው። ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ፤ ቤት ውስጥ፣ እናታቸው ዓይን ሥር፣ ምድጃ ላይ የወደቁ። ሆስፒታል እንደምትሠራ አውቅ ነበር እንጂ ማታ ማታ ወደ ቤት ይዛው የምትመጣው ዝምታ ከየት እንደሆነ አላውቅም ነበር። ልጅ ሳለሁ ወጥ ቤት በር ላይ ሳንቃ ቸንክራ እንዳልገባ ከልክላኝ ነበር፤ ክፋት ይመስለኝ ነበር። አቅፌያት ቆየሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት የክረምት ትምህርት አስተምሬ ስመለስ ቤት የለችም። ደነገጥኩ። ፈልጌ ፈልጌ ያገኘኋት ወርክሾፑ ጓሮ ነው። ነጠላዋን ጭንቅላቷ ላይ ጠምጥማ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ባሌ ጥቁሩ ጥግ ውስጥ የሚያነደውን እሳት ታያለች። ብቻዋን ጠይቃ ነው የመጣችው። እየተነሳች የምድጃውን ውጫዊ ላሜራ በእጇ ጀርባ ትነካዋለች፤ የታመመ ልጅ ግንባር እንደምትነካው። ከዚያ ቺፑዱን ትነካለች። ከዚያ ትጠይቀዋለች። ሕፃን የምድጃውን በር መስታወት ቢነካውስ? መስታወቱ ፊት በእጅ ርቀት የሚቆም የብረት መረብ እንዳለው አሳያት። ፍም ቢፈናጠርስ? ከፊቱ ያለው ወለል ድንጋይ ይሆናል። ጭሱ ወደ ኋላ ቢመለስስ? እሱ አንድ በአንድ መለሰላት፤ የማያውቀውን አላውቅም አላት። ለምሳሌ ቤቷ ጣሪያ ውስጥ እንጨቱ እንዴት እንደተደረደረ ሳላይ ምንም ማለት አልችልም አለ።

ስትነሳ፣ «እኔ ቤት ከሆነ እዚያው ቤቴ ውስጥ እንዲህ ካልተፈተነ አልቀበልም» አለችው።

«እኔም አልተክልም፣ እማማ» አላት።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ምድጃውን በአይሱዙ ጭነን ኩየራ ወጣን። ባሌ መጀመሪያ ያደረገው ግድግዳውን ማንኳኳት ነው። አየሽ፣ ግድግዳው ጭቃ ይመስላል እንጂ ውስጡ ባሕር ዛፍ ነው አለኝ፤ ዝም ብሎ ተማምኖ ምድጃ የሚያስጠጋበት ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ምድጃውን ከግድግዳው አርቆ አቆመው፤ በመካከል አየር የሚያልፍበት ቦታ ተወ። አክስቴ የምትወደውን አበባማ የፕላስቲክ ምንጣፍ ከፊቱ ቆርጦ ድንጋይ አነጠፈ። ሲቆርጠው አስፈቅዶ ነው፤ እሷም ፈቅዳ ፊቷን አዞረች።

ከዚያ የጭስ ፈተና ተደረገ። ባሌ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የቧንቧውን አፍ በእርጥብ ጆንያ ዘጋው፤ ወርዶ ምድጃው ውስጥ እርጥብ ገለባ አጨሰ። ጭሱ መውጫ ሲያጣ የትኛው መጋጠሚያ እንደሚያሾልክ ይታያል። እሱና እኔ በባትሪ እያበራን ብንፈልግ ምንም አላገኘንም። አክስቴ ግን ከኋላችን ቆማ፣ «እዚህ ጋ ይሸታል» አለች። ከቧንቧው ጀርባ፣ ለእጅ እንኳ በማይመች ቦታ፣ እንደ ክር የቀጠነ ጭስ ይወጣ ነበር። ደፈነውና እንደገና አጨሰ።

ቀጥሎ ጆንያው ተነስቶ እውነተኛው እሳት ነደደ። መጀመሪያ ላይ ጭሱ ወደ ላይ ሄደ። በሩን ስንዘጋው ግን ተመልሶ ወደ ሳሎኑ መጣ። ባሌ ዞር ዞር ብሎ መስኮቱን አየ። ጨርቁ እንደገና ተወትፏል! እሳት የሚተነፍሰው አየር ሲያጣ የቤቱን ሰው አየር ይሻማል፤ ጭሱም ወጥቶ መሄጃ ጉልበት ያጣል። አክስቴ ንፋሱ ይገባብኛል ብላ ተከራከረች። በመጨረሻ መሐል ላይ ተስማሙ፦ ባሌ ከደጅ ቀዝቃዛ አየር እየሳበ ቀጥታ እሳቱ ሥር የሚያደርስ ቧንቧ ቀበረላት፤ እሷም የላይኛውን መስኮት ጨርቅ በገዛ እጇ ነቀለች።

ያን ቀን ግን ፈተናው አላለፈም። ግድግዳው ጋ የሰካቸው የሙቀት መለኪያ ሽቦዎች ደህና ናቸው። ኮርኒሱ ውስጥ፣ ቧንቧው ጣሪያውን አልፎ በሚወጣበት ቦታ ያለው ቁጥር ግን መውጣቱን አላቆመም። ባሌ እንጨት መጨመሩን ተወ፣ የአየሩን በር ዘግቶ እሳቱን አፈነውና ሲበርድ ኮርኒሱን ቀደደው። ያላየነው አንድ የጣሪያ ወራጅ እንጨት አግድም ተጋድሞ ቧንቧው አጠገብ ደርሷል። እኔ ደክሞኝ ነበር። ይህን ያህል መቼም አታነድም፣ ለእሷ ይበቃል አልኩት። እሱ ከመሣሪያ ሳጥኑ አንድ ቁራጭ እንጨት አውጥቶ ለአክስቴ ሰጣት። አንዱ ወገኑ እንደተቆላ ቡና ጠቁሯል። አንድ የእንግዳ ማረፊያ ሲጠግን ያገኘው ነው። ይህ እንጨት ነበልባል አይቶ አያውቅም አላት፤ ለዓመታት የጋለ ቧንቧ ጎን ብቻ ነው የኖረው። እንዲህ እየደረቀ እየጠቆረ ይሄድና አንድ ቀን፣ ትናንት ምንም ባላደረገው ሙቀት፣ ራሱ ይያያዛል።

አክስቴ እንጨቱን አገላብጣ አየችው። ሸተተችው። ከዚያ እኔን ሳይሆን እሱን፣ «እንግዲያው ያፍርሱት» አለችው።

አፈረሰው። ቧንቧውን አወረደ፣ ወራጁን ቆርጦ በሌላ ደገፈው፣ ዙሪያውን ሰፊ የላሜራ አንገት ሠርቶ እንጨቱን ከሁሉም አቅጣጫ አራቀው። ለዚህ ሲባል አዳማ ተመልሶ እንደገና መምጣት ነበረበት። በዚያ ሳምንት ሎጅ የሚያሠሩ ደንበኞች ደጋግመው ሲደውሉለት ሰማሁ፤ ቤተሰብ ቤት ሥራ አለብኝ እያለ እንዲታገሡት ይለምናል።

ሁለተኛው ፈተና ቅዳሜ ነበር። ጠዋት እሳቱን ለኩሰን ብዙም ሳንቆይ መብራት ጠፋ። ቬንትሌተሯ ዝም አለች። እኔ ለሌላ ቀን እናቆየው ልል ስል ባሌ ፈገግ ብሎ፣ እኔ ራሴ ላጠፋት ነበር አለ። መለኪያው በባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ውስጥ ሦስታችን ተቀምጠን እንጨት እየጨመርን ቁጥር እናያለን። ሳሎኑ ሞቀ። አክስቴ መጀመሪያ ጋቢዋን ጣለች፣ ቀጥሎ ሹራቧን አወለቀች። ጣቶቿን ጭኗ ላይ ዘርግታለች።

ከሰዓት በኋላ ቁጥሮቹ መውጣታቸውን አቆሙ። ኮርኒሱ ውስጥ ያለው እንጨት እጅ ቢያርፍበት ሞቅ ያለ ብቻ ነበር። ባሌ እንጨት መጨመሩን ተወና ነበልባሉ እየወረደ ፍም ሆነ። እኔ ዕቃ መሰብሰብ ጀመርኩ።

«አለቀ?» አለች አክስቴ።

«አላለቀም፣ እማማ» አላት። «እሳቱ ሲተኛ ሙቀቱ ገና መንገድ ላይ ነው። እንጨቱ ጋ የሚደርሰው ቆይቶ ነው። ቁጥሩ ሲመለስ ሳላይ አልሄድም።»

አክስቴ ቀና ብላ አየችው። «ቃጠሎም እንደዚያ ነው» አለችው።

ከዚያ እኔ በግድ ያወጣሁትን ወሬ ለእሱ ሳይጠይቃት ነገረችው። ልጅ ሲቃጠል እናት እሳቱን ታጠፋለች፣ ልብሱን ታወልቃለች፣ ያለቀ ይመስላታል። ሙቀቱ ግን ከቆዳ ሥር ወደ ውስጥ መሄዱን አያቆምም። ለዚህ ነው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ብዙ ማፍሰስ የሚያስፈልገው፤ በረዶ አይደለም፣ ቅቤ አይደለም፣ ዱቄት አይደለም፣ ውሃ። ወላጆች ቶሎ ይሰለቻሉ፣ ልጁ ሲያለቅስ ይበቃዋል ይላሉ። «እኔ አልለቅም ነበር» አለች። አንዲት ሕፃን ነበረች፤ እጇን ፍም ውስጥ የከተተች። ከቅርብ ነበር ያመጧት፤ አክስቴ እጇን ውሃ ውስጥ ይዛ ቆመች፣ ልጅቷ ነከሰቻት፣ አባቷ ሰደባት፣ አልለቀቀችም። «አሁን ሻሸመኔ ልብስ ትሰፋለች፤ በዚያችው እጅ» አለች። የበዓል ቀሚሷን ሁልጊዜ የት እንደምታሰፋ ያኔ ገባኝ።

ኮርኒሱ ውስጥ ያለው ቁጥር እንዳለው እንደገና ትንሽ ወጣ። ቆመ። ከዚያ ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ። ባሌ ሲወርድ ካየው በኋላ ተነፈሰና ወንበር ላይ ወጥቶ ሽቦውን ሊነቅል እጁን ሰደደ። የእጁ ጀርባ ከላሜራው አንገት በታች፣ ሽፋኑን ገና ያልገጠመለትን ባዶ ብረት ነካ። እጁን ሰብሰብ አደረገ እንጂ ድምፅ አላወጣም። እኔ እንኳ ወዲያው አልገባኝም።

አክስቴ ግን ተነስታለች። እንዲያ ፈጥና ስትነሳ አይቻት አላውቅም።

«ና ውረድ» አለችው። «እጅህን አምጣ።»

ጎትታ ደጅ ወደ ውሃ ቧንቧው ወሰደችው። ዝናቡ አባርቶ ነበር። በር ላይ ቆሜ አየኋቸው። በእነዚያ ባበጡ ጣቶቿ የእጅ አንጓውን ጨብጣ ውሃውን ለቀቀችበት። እሱ ትልቅ ሰው ነው፤ ትከሻው ከእሷ ራስ በላይ ነው፤ እንደ ተማሪ ጎንበስ ብሎላት ቆሟል።

«በረደልኝ እኮ፣ እማማ» አላት ትንሽ ቆይቶ።

«አልበረደም» አለችው። «አንተ ምን ታውቃለህ? ዝም ብለህ ቁም። ሰው ይህን ያህል ጠንቃቃ ሆኖ ለራሱ እንዲህ ግድ የለሽ ይሆናል? ሽፋን ያልገጠምክለትን ብረት ትነካለህ?»

እየተቆጣችው ነው። ባሌ በራሷ ላይ አሻግሮ አየኝ፤ ዓይኑ ውስጥ ያለውን ልገልጸው አልችልም። ወደ ውስጥ ገባሁና መለኪያው ፊት ተቀምጬ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ እየወረደ ያለውን ቁጥር ጮክ ብዬ አነበብኩ።

ስትመለስ እጁን በንጹሕ ጨርቅ ለቀቅ አድርጋ ሸፍና፣ ምሳ እንኳ ሳልሰጠው እያለች ወጥ ቤት ገባች። እስክንሄድ ድረስ አንተ አለችው፤ ልብ ያለችው አይመስለኝም። ባሌ መጨረሻ ላይ ሽፋኑን በአንድ እጁ ገጠመ። መኝታ ቤቷ ግድግዳ ላይ፣ ሽታም መልክም የሌለውን የእሳት መርዝ ሲያገኝ የሚጮህ ትንሽ ነጭ መሣሪያ ሰቀለላት። ሊፈትነው ቁልፉን ሲጫነው እንዲያ ጮኸና ድመቷ በመስኮት ወጥታ ጠፋች። አክስቴ እስክታነባ ሳቀች።

ስንመለስ የምነዳው እኔ ነበርኩ። ባሌ የታሰረ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ በመስኮቱ ሐይቁን ያያል። ባቱን ካለፍን በኋላ፣ «ሰማሻት?» አለኝ። ሰማሁ አልኩት። መቂ ላይ ቲማቲም የሚሸጡት ጋ አቁመን ስንወርድ ያለ ምክንያት እየሳቅን ነበር።

አሁን በየክረምቱ መጀመሪያ እየሄደ ጭስ መውጫውን ይጠርግላታል፤ በሁለቱ ሳጥኖች መካከል ያለውን የአየር መንገድም ይፈትሻል፤ አቧራና የሸረሪት ድር ከዘጋው ማቀዝቀዙ ይቀራልና። አክስቴ አንድ ነገር ስታስብ የምትደውለው ለእኔ ሳይሆን ለእሱ ነው። ፍሙ ሰማያዊ መሰለኝ፣ ይህ እንጨት እርጥብ ነው መሰለኝ፣ መረቡ ትንሽ ላላ መሰለኝ። አንዳንዴ ምንም ነገር እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ወሬው ግን ይረዝማል።

ባለፈው ክረምት የባሌን እናት ከአርሲ ነገሌ ይዘናት ኩየራ ሄድን። ከሠርጋችን ወዲህ ሁለቱ በደንብ ተቀምጠው ተገናኝተው አያውቁም፤ አማቴ አማርኛዋ ጥቂት ነው፣ እኔም በኦሮምኛ ከሰላምታና ከገበያ ቃል ብዙ አልዘልቅም። እንዴት ሊያወሩ ነው እያልኩ ስጨነቅ ነው የሄድኩት። አክስቴ በሩ ላይ ተቀብላ «አካም ጂርቱ» አለቻት፤ ቀጥላም ኦሮምኛውን ታቀላጥፈው ጀመር። ለካ በሽተኞቿን ሁሉ ያስታመመችው በዚያ ቋንቋ ነው። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ባሌም እንደ እኔ ነው የደነገጠው።

እሳቱ ፊት ሁለት ወንበር አስጠግተው ተቀመጡ። አማቴ የላሜራውን ጎን በመዳፏ ነክታ፣ ባለማቃጠሉ ተገርማ፣ ልጇን ቀና ብላ አየችው። አክስቴ ቀዝቃዛው አየር ከታች እንዴት እንደሚገባ፣ ሞቆ ከላይ እንዴት እንደሚወጣ በእጇ እያሳየች አስረዳቻት፤ ቃሉን ሁሉ ባይገባኝም የምትለውን አውቄዋለሁ። ከዚያ ወሬያቸው ወደ ሌላ ሄደ። እያዩን ይሳሳቃሉ። ምን እያሉ ነው ብዬ ባሌን ስጠይቀው፣ ልጅ ሆነን ያጠፋነውን እየተነጋገሩ ነው አለኝ። ቀጥሎ አክስቴ ዞር አለችና ሁለታችንንም ሥራ ፈት ሆናችሁ ከምትቆሙ እንጨት አምጡ ብላ ወደ ጓሮ ሰደደችን።